ጸበሉና መድኃኒቱ፦ የእምነት ነፃነት በጤና ተቋማትና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች

በ1990ዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝና ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ትናንሽ ክፍሎችን ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ማለዳ ተነሥተው በባዶ ሆድ ይጠመቃሉ፤ ጸበሉን በብዛት ይጠጣሉ፤ እህል የሚቀምሱት ከቀትር በኋላ ነው። ብዙዎቹ ወደ ተራራው የወጡት የሕክምና ተቋማት ሊሰጧቸው የሚችሉት ፈውስ እንደሌለ ከተረዱ በኋላ ነበር። በሠፈራቸውና በቤተሰባቸው የደረሰባቸው መገለልም ከቤታቸው ገፍቶ አውጥቷቸዋል። ጸበሉ ዘንድ ግን ስለ ሕመማቸው ሳይፈሩ የሚነጋገሩት፣ ሲወድቁ የሚያነሣቸው ሰው አግኝተዋል።

የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን በነፃ መታደል የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ሲጠበቅ የነበረው መድኃኒት በደረሰ ጊዜ ተራራው ላይ ያልታሰበ ጥያቄ ተነሣ። በጸበሉ አምኖ የመጣ ሰው መድኃኒት ቢውጥ እምነቱን እንደ ካደ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? መድኃኒቱን መጠቀም በፈጣሪ ላይ ያለ ጥርጣሬ ምልክት ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ሕክምናውን ያልጀመሩ፣ ጀምረውም ያቋረጡ፣ ተፈውሻለሁ ብለው ክኒናቸውን የጣሉ ሕመምተኞች ነበሩ።

ጉዳዩ በእምነትና በሳይንስ መካከል የሚደረግ ክርክር ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት የሚወሰድ ነበር። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚፈለገው በታች ሲወርድ ቫይረሱ እንደገና መራባት ይጀምራል፤ በሚራባበት ጊዜም መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ ይፈጠራል። መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ያለበት ሰው ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት መሸጋገር አለበት፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ በዋጋ ውድ፣ በአቅርቦትም ውስን ነበር። ስለዚህ አንድ ሕመምተኛ ለሁለት ሳምንት ሱባኤ ይዞ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የሚደርሰው ጉዳት ሱባኤው ሲያበቃ አብሮ የሚያበቃ አልነበረም። በተጨማሪም ጸበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ በመሆኑ፣ ክኒኑን ውጦ ወዲያው ጸበል የጠጣ ሰው መድኃኒቱን ወስዷል ለማለት አያስደፍርም። ብዙ ሰዎች በአንድ ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ማደራቸውም ለሳንባ ነቀርሳ መስፋፋት የተመቸ ሁኔታ ፈጥሮ ነበር።

የጤና ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሞከሩት ማስተማር ነበር። ትምህርቱ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አልሆነም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሕመምተኛው የጠየቀው መድኃኒቱ ይሠራል ወይ ብሎ ሳይሆን ተፈቅዷል ወይ ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የመስጠት ሥልጣን ደግሞ ነጭ ጋዋን ለለበሰ ባለሙያ አልተሰጠም።

መልሱ የመጣው ከባለቤቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም ሆነ መድኃኒቱ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይጋጭና ምእመናን ሁለቱንም አንድ ላይ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ በይፋ ገለጹ። መልእክቱ ለካህናቱ እንግዳ ትምህርት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪም ክብርና ከምድር ስለሚገኝ መድኃኒት በ38ኛው ምዕራፉ በሰፊው ያስተምራልና። በዚያ ወቅት የጎደለው ይህን ለሕመምተኛው፣ ጸበሉ ባለበት ሥፍራ፣ እርሱ በሚያምነው አንደበት የሚነግረው ሰው ነበር።

ከመግለጫው በኋላ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ማለት አይቻልም። በልዩ ልዩ አካባቢዎች በጸበል ቦታዎችም ሆነ በሌሎች የእምነት ተከታዮች የፈውስ ጉባኤዎች ላይ መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚል ምክር መሰማቱ አልቀረም። ይሁን እንጂ የጤና ባለሙያው ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛውን ከሁለት አንዱን ምረጥ ከማለት ይልቅ በስንት ሰዓት እንደሚጠመቅ፣ በስንት ሰዓት እህል እንደሚቀምስ ጠይቆ የመድኃኒቱን ሰዓት ከዚያ ጋር ለማስማማት የሚያስችል መሠረት አግኝቷል። የመድኃኒቱ መሻሻልም ሥራውን አቅልሎታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በተሻሻለው መመሪያው በቀዳሚነት እንዲሰጥ ያረጋገጠው በዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረተ ሕክምና በቀን አንድ ክኒን ብቻ የሚወሰድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የእንጦጦው ሁኔታ በአንድ ወቅትና በአንድ በሽታ ዙሪያ የታየ ቢሆንም በየዕለቱ በጤና ጣቢያዎች፣ በሆስፒታሎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያጋጥመውን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል። ጥያቄው ዜጎች እምነታቸውን ይዘው ወደ መንግሥት ተቋም ሲገቡ ተቋሙ እንዴት ይቀበላቸው የሚለው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝና በግል ወይም ከሌሎች ጋር በመሆን፣ በይፋ ወይም በግል የማምለክ፣ የመከተልና የመግለጽ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚዘነጋ ልዩነት አለ። ሰው በልቡ የሚይዘው እምነት ገደብ የሚጣልበት አይደለም። ሊገደብ የሚችለው እምነቱን የመግለጽ መብት ሲሆን እርሱም በንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የሕዝብን ሞራልና የሌሎችን መሠረታዊ መብቶች ለመጠበቅ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ በሚወጡ ሕጎች ብቻ ነው። ጤና በግልጽ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል። የኃላፊው የግል ስሜት ወይም ደንበኞች ቅር ይላቸዋል የሚል ግምት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የጤናው ምክንያት በተግባር ላይ ከዋለባቸው ጊዜያት ቅርቡ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የአምስት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ የሚሰበሰብባቸውን ጉባኤዎች፣ ሃይማኖታዊ የሆኑትንም ጨምሮ፣ ከልክሎ ነበር። የእምነት ተቋማት በዚያው ሰሞን ያካሄዱት የአንድ ወር አገር አቀፍ ጸሎት በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ተላልፏል። ገደቡ በሕግ የወጣ፣ ለሁሉም እኩል የሆነና ጊዜው የተወሰነ ነበር።

አገልግሎት ሰጪውስ?

ሕመምተኛው እምነቱን ይዞ መምጣቱ መብቱ ነው። የባለሙያው ሁኔታ ግን ሁለት ገጽታ አለው። እርሱም እንደማንኛውም ዜጋ የእምነት ነፃነት አለው፤ በሥራ ሰዓት ግን የመንግሥትን ፊት ይዞ የሚቀርብ ሰው ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ የሚታከም ሰው ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር እኩል አቅም የለውም። አብረን እንጸልይ የሚል ግብዣ ከዕውቀት ጓደኛ ሲቀርብ በነፃነት እምቢ ሊባል ይችላል፤ መርፌ ከሚወጋ ሰው ሲቀርብ ግን እምቢ ማለት ያስፈራል። የሕመምተኛው ዝምታ ፈቃድ ሆኖ መወሰድ የለበትም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመምተኛው ራሱ ሲጠይቅ ሁኔታው ይለያል። ያን ጊዜ የእምነት አባቱ ወይም የሃይማኖት አስተማሪው እንዲጠራለት ማድረግ የእንክብካቤው አካል ነው።

የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 በጄኔቫ ያወጣው የሐኪሞች ቃለ መሐላ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ ዘር፣ የፖለቲካ አመለካከትና ማኅበራዊ ደረጃ በሐኪሙ ግዴታና በሕመምተኛው መካከል እንዳይገቡ ያስገድዳል። ቃለ መሐላው የተዘጋጀው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ ሐኪሞች ራሳቸው በፈጸሙት ግፍ ለፍርድ ከቀረቡ በኋላ መሆኑ ክብደቱን ያሳያል። ለአገልግሎት ሰጪ ሁሉ ትርጉሙ ቀላል ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ስሙን፣ አለባበሱን ወይም በአንገቱ ያሰረውን ማተብ አይቶ ወረፋውን የሚያዛባበት ሠራተኛ ሊያጋጥመው አይገባም።

በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የጉዳይ ማስፈጸሚያ መስኮቶች ላይ ሃይማኖታዊ ሥዕሎችና ጥቅሶች ተለጥፈው፣ በእንግዳ መቀበያዎችም የስብከትና የመዝሙር ድምፅ ተከፍቶ ይታያል። ለጠፊው በየዋህነት እንዳደረገው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ መስኮቱ የርሱ የግል ንብረት አይደለም። ሠራተኛው በአንገቱ ያደረገው ማተብ ወይም በራሷ ላይ ያሰረችው ሒጃብ የሰውየው ወይም የሴትዮዋ እምነት መግለጫ ነው፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ግን የመሥሪያ ቤቱ ቃል ሆኖ ይነበባል። አንቀጽ 11ን ከአንቀጽ 27 ጋር አገናዝቦ ለማንበብ ይህ ልዩነት ጥሩ መነሻ ነው።

የአለባበስ ጉዳይ በሌሎች አገሮች እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ከእንግሊዝ የቀረቡለትን ሁለት የመስቀል ጉዳዮች በአንድ ቀን ወስኗል። አንዷ አቤቱታ አቅራቢ የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ ሌላዋ በሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል የምትሠራ ነርስ ነበሩ። ሁለቱም የአንገት መስቀላቸው እንዳይታይ ተከልክለዋል። ፍርድ ቤቱ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ሲፈርድ የነርሷን አቤቱታ ውድቅ አድርጓል። የአየር መንገዱ ምክንያት የድርጅቱን ገጽታ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ የሆስፒታሉ ምክንያት ግን ሕመምተኛ ሐብሉን ሊጎትተው ወይም መስቀሉ ክፍት ቁስል ሊነካ ይችላል የሚል ነበር። ሆስፒታሉ መስቀሉን በልብሷ ላይ እንድታጣብቀው ወይም ከመታወቂያዋ ጋር እንድታያይዘው አማራጭ አቅርቦላት እንደነበር፣ የሌሎች እምነቶች ተከታይ ሠራተኞችም ተመሳሳይ ገደብ እንደተጣለባቸው ተረጋግጧል።

ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ የአንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ የፀጉር መሸፈኛዋን አላወልቅም በማለቷ ውሏ አለመታደሱ መብቷን አልጣሰም ብሏል። እዚያ የቀረበው ምክንያት ንጽሕና ሳይሆን የመንግሥት ገለልተኛነት ነው። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ፈረንሳይ ሠራተኛዋን ራሷን እንደ ግድግዳው ቆጥራታለችና። የኢትዮጵያ አሠራር በዚህ ረገድ ከፈረንሳይ የተለየ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች ማተብ ያሰሩና ሒጃብ የለበሱ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው።

ለሥራ ኃላፊዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ምናልባት ፍርድ ቤት ያልደረሰው ምሳሌ ነው። የእንግሊዝ የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 የተኅዋስያንን መተላለፍ ለመከላከል ባለሙያዎች ከክርናቸው በታች ምንም እንዳይለብሱ መመሪያ ባወጣ ጊዜ ክንዳቸውን መግለጥ የማይፈቅዱ ሙስሊም ባለሙያዎች ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያው ሲሻሻል ከአንድ ሕመምተኛ በኋላ የሚጣል የእጅጌ መሸፈኛ ተፈቀደ። የንጽሕና ግቡም የሠራተኞቹም እምነት ተጠበቀ።

የምሳ እረፍትና የወጥ ቤት ጉዳይ

በኢትዮጵያም ይህን የመሰሉ ማመቻቸቶች አሉ፤ ከመለመዳቸው የተነሣ ግን ማመቻቸት መሆናቸው ተረስቷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዕለት የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው የጁምዓ ሶላትን ለማመቻቸት ነው። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ካካሄዱት ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆነው መከበር ጀመሩ። ከዚያ በፊት የመንግሥት የበዓል ቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የአንድን እምነት በዓላት ብቻ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲገባም ይኸው ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሕመምተኛ ቅቤ የገባበት ሽሮ ቢቀርብለት ሳህኑን ይመልሳል። በጥሩ ፈቃድ የተዘጋጀ ምግብ ሳይበላ ሲመለስ በፋይሉ ላይ የምግብ ፍላጎት የለውም ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። በመኝታ ክፍል መግቢያ ላይ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይህን ያስቀራል።

በጾም ወራት መድኃኒት

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የጾምና የመድኃኒት ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወራት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች አሉ። አብዛኛዎቹ ማቋረጣቸውን ለሐኪማቸው አይናገሩም፤ ቁጣን ይፈራሉ። ሐኪሙም ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱ አልሠራም በሚል መጠኑን ይጨምራል። በዓሉ ደርሶ ሕመምተኛው ወደ ቀድሞው አወሳሰዱ ሲመለስ የተጨመረው መጠን ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሁለቱም እምነቶች ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርጋሉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ፈቃዱን የሚሰጡት የንስሓ አባት ናቸው። በእስልምናም ሕመምተኛ ሲድን ሊያካክስ፣ የማይድን ሕመም ያለበት ደግሞ ድሀ ሊመግብ ተፈቅዶለታል። ሆኖም ነፃ መደረጉን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በነፃነቱ አይጠቀምም። ጎረቤት ሁሉ ሲጾም ብቻን መብላት ይከብዳል።

ስለሆነም ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በስኳር ሕመምና በረመዳን ላይ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውና በ2021 ያሻሻለው መመሪያ ሕመምተኞች እንደየጉዳት ተጋላጭነታቸው እንዲለዩ፣ ለመጾም አቅም ያላቸውም የመድኃኒታቸው ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሁር እንዲዛወር ይመክራል። በጣት ላይ ደም ወስዶ ስኳርን መለካት ጾምን እንደማይፈታ የሃይማኖት አዋቂዎች ማረጋገጣቸው በመመሪያው ውስጥ መስፈሩ ብዙዎችን ከስጋት አሳርፏል። የስኳሩ መጠን ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያው መፈታት አለበት። ለዐቢይ ጾም የሚሆን ይህን የመሰለ ምክር መስጠት ደግሞ የእያንዳንዱ ሐኪም ኃላፊነት ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ለማይቀምስ ሰው የጠዋት መድኃኒቱ ማታ ሊወሰድ የሚችል መሆን አለመሆኑን ከመናገር ይጀምራል።

እምቢታ ሲያጋጥም

አዋቂ የሆነና አእምሮው የተሟላ ሰው ስለ ሕክምናው በቂ መረጃ ካገኘ በኋላ በእምነቱ ምክንያት እምቢ ማለት ይችላል። የይሖዋ ምሥክሮች ደም አለመቀበላቸው የታወቀ ምሳሌ ነው። የባለሙያው ግዴታ መዘዙን በግልጽ ማስረዳት፣ አማራጭ ካለ ማቅረብና ውሳኔውን በጽሑፍ መያዝ ነው። የሕፃን ጉዳይ ግን በዚህ አይዳኝም። ሕገ መንግሥቱ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ ቢፈቅድም አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ በቀዳሚነት የሕፃኑ ደኅንነት እንዲታሰብ ያዛል። ወላጅ ለራሱ እምቢ ሊልበት በሚችልበት ነገር ላይ ስለ ልጁ ሕይወት እምቢ ሊል አይችልም።

አስቸጋሪው የአእምሮ ሕሙማን ሁኔታ ነው። ፈቃዳቸውን ለመግለጽ የማይችሉ፣ ቤተሰብ ወደ ጸበል ያመጣቸው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። የቤተሰቡ ድካም እውነተኛ ነው፤ በአቅራቢያው የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ተቋም የሌለው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ መጽሔት ላይ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት በኢትዮጵያ ጸበልና የአእምሮ ሕክምና ጎን ለጎን የሚሰጡበትን የትብብር አሠራር አስነብቧል። በዚህ አሠራር አጥማቂዎቹ ጸበሉን፣ የሕክምና ባለሙያዎቹ መድኃኒቱን ይሰጣሉ፤ ሕመምተኛው ከጸበሉ ሥፍራ እንዲወጣ አይገደድም፣ መድኃኒቱም ወደ እርሱ ይመጣል።